ሐዋ «ሴኒ» ሳትል

ሐዋ ስልኳን የከፈተች ቀን እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን የያዝኩት ለሌላ አይደለም፤ ያን ሰሞን መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ ጸሐፊዋ «ስንት ዓመትሽ ነው?» ስትለኝ «ሠላሳ አንድ» ብያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የጠየቀኝ የለም።

መሞቷን የሰማሁት ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሳስመዝን ነው። ሻጯ ሚዛኑን እንዳንጠለጠለች «ሐዋ ስልክ አረፈች አሉ፣ ሰማሽ?» አለችኝ። «ኢና ሊላሂ» አልኩ። ሽንኩርቱንም ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስልጥ ጎረቤት መጥታ «አለቀስሽ እንዴ?» አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት፤ እውነትም ሽንኩርቱ ነበር።

«ሐዋ ስልክ» የምንላት ስልክ ቤት ትሠራ ስለነበረ ነው። ከሚሴ ውስጥ ስልክ በየኪሱ ሳይገባ፣ ሰው ልጁን ለማነጋገር ጥሪ አስመዝግቦ ግማሽ ቀን በሚጠብቅበት ዘመን፣ ጆሮዋ ላይ ብረት ደፍታ ገመድ እየነቀለች የምትሰካው እሷ ነበረች። በልጅነቴ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ስጠብቅ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። «ደሴ፣ ካቢና ሁለት! ባቲ፣ ካቢና አንድ! አንቺ ሴትዮ ቀስ በይ፣ ኮምቦልቻ ድረስ በመስኮት ልታሰሚያቸው ነው?» ትላለች፣ ተሰልፎ የቆመው ሰው ሁሉ ይስቃል።

ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እዳ እንዳለበት፣ የትኛው ኮስታራ ነጋዴ በስልክ እንዳለቀሰ እሷ ታውቃለች። ከአፏ ግን አንድ ነገር የሰማ የለም። በድሮው ጊዜ አንድ ሹም መጥቶ አንድ ነጋዴ ለወንድሙ ያለውን እንድትነግረው ጠይቋት ነበር አሉ። «የሰማሁትማ ሰምቻለሁ» አለችው። «የሰማሁት ግን የኔ አይደለም፤ የሰው ዕቃ ነው፤ የሰው ዕቃ አልሰጥም።» ለዚህ መልሷ ባቲ አዛወሯት፤ ከዚያ ቃጠሎ ውስጥ ከርማ ተመለሰች። ስታወራው እየሳቀች ነው። «ግመሎቹ ደህና ናቸው፤ የሰው ወሬ አይጠይቁም» ትላለች።

እኔ ጎረቤቷ ነበርኩ፤ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ ልብስ እሰፋ ነበር። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። መጀመሪያ «አንቱ» ስላት «ተይ እባክሽ፣ ስልክ ላይ አንቱታ የለም፤ መስመሩ አይበቃም» ብላ አስጣለችኝ። እንዲያው ዝም ብለን አንቺና አንቺ ሆነን ቀረን፤ እኔ ግን «እትዬ» ማለቱን አልተውኩም።

ሁለት አመል ነበራት። አንዱ፣ አጠገቧ ያለ ሰው ስልኩ ከጮኸ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ወሬው ከረዘመ ተነስታ ጓሮ ትወጣለች። «እናቴ፣ ወደው ነው የሚሰሙት?» ሲሏት «ጆሮ ክዳን የለውም፤ እግር ግን አለኝ» ትላለች። ሁለተኛው የበር ነገር ነው። የሰው ቤት ስትሄድ ጎረቤትም ቢሆን፣ በሩ ገርበብ ቢልም፣ ውጭ ቆማ «አሰላሙ ዓለይኩም! ቤቶች!» ትላለች። ሦስቴ ብላ የመለሰላት ከሌለ፣ ሰዎቹ ውስጥ ሲንኮሻኮሹ እየሰማችም ቢሆን ትመለሳለች። አባቷ እንዲህ አሳድጓቸዋል። የራሷ ቤት ስትገባ እንኳ ሰላም ብላ ነው። «ማን አለና?» ስላት «መላኢካ ቢኖርስ? ልብሱን እየቀየረ ቢሆንስ?» ብላኛለች።

እሷ ቤት ደግሞ ሰው ከውጭ ሲጣራ መልሷ ያችው አንዲት ቃል ናት፤ «ሴኒ!» በኦሮምኛ «ግባ» ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይምጣ፣ ከቆላ የወጣ የአፋር ነጋዴ ይምጣ፣ «ሴኒ» ሳትል ማንም አይገባም።

ከወንድሟ ከይማም በቀር። አያ ይማም ሰንበቴ ከተማ የከብት ነጋዴ ነው፤ ከብት ሲነዳ ኖሮ ድምፁም አገባቡም እንደዚያው ሆኗል። በሩን በትከሻው በርግዶ፣ ጫማውን መሀል ቤት ጥሎ ነው የሚገባው።

«ቤቶች አይባልም ይማም?»

«የእህቴ ቤት አይደለም እንዴ?»

«የእህትህ ቤት የእህትህ ነው።»

«እታለም፣ ከበሩ ጋር ሰላምታ ስለዋወጥ ምሳው ይቀዘቅዛል!» ይላል፤ እሷም እየተቆጣች ታቀርብለታለች። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ተጨቃጭቀዋል።

ከዚያ ሰላም የጠፋበት ሰሞን መጣ። በከተማው በሁለቱም መውጫ ኬላ ቆመ። መጀመሪያ ቦርሳና ጆንያ ነበር የሚፈተሸው፤ ማንም አልከፋውም። ቆይቶ «ስልክ!» ማለት ጀመሩ። ቆልፎ መስጠት የለም፤ ከፍተሽ ነው የምትሰጪው። ፎቶውን ያያሉ፣ የተላከልሽን ያነብባሉ፣ የድምፅ መልእክቱን ሰው ሁሉ እየሰማ ይከፍቱታል።

ኬላው ላይ ጀማል የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነበረ። ሐዋ መጀመሪያ የገጠማት እሱን ነው፤ እኔም ያው ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ።

«ስልክ!» አላት። ዘረጋችለት። ሊይዘው ሲል መልሳ ሳበችው።

«አንኳኳ።»

«ምን?»

«አንኳኳ እንጂ። የሰው ቤት ዝም ብሎ ይገባል? እናትህ እንደዚህ ነው ያሳደገችህ?»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ጀማልም ሳቀ፤ በጣቱ የስልኩን መስታወት መታ መታ አደረገና «ቤቶች!» አለ።

ሐዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስጠጋች። «ሴኒ የሚል የለም። ገበያ ወርደው ይሆናል። በል ተመለስ።»

«እትዬ ሐዋ፣ አለቃዬ ያየኛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አሳለፋት።

ይህቺ ወሬ ከተማውን ዞረች። ሐዋ ግን ለቀልድ አልነበረም። ልቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ዱዓ ላይ፣ ሴት በተሰበሰበበት ሁሉ ይህንኑ ትናገር ጀመር። «መሣሪያ ይፈልጉ፣ ይበርብሩ፣ ደግ ነው። ስልክ ግን መኝታ ቤት ነው። የሰው ደብዳቤና የሰው ስልክ አይደፈርም ይላል ሕጉ፤ ስልክ ቤት ስንቀጠር ያስምሉን ነበር። ጥርጣሬ ያለው ከዳኛ ወረቀት ያምጣ። የሴት ስልክ ከሆነም ሴት ትየው።» በቀበሌው ስብሰባም ተነስታ ይህንኑ አለች።

የጸጥታው ኃላፊ ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። «እናቴ፣ የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» አሏት።

«እርስዎ ሽንት ቤት ሲገቡ በሩን ይዘጋሉ አይደል? ምን ሰርቀው ነው?» አለቻቸው።

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «ሌላ አስተያየት» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ የአንዲት ልጅ ፎቶ ወጣ። ጫት ተራ ያለች ሴትዮ ልጅ ናት። ቤቷ ውስጥ ፀጉሯን ለቃ የተነሳችው ነው፤ ኬላ ላይ ስልኳን ያየ አንዱ ወደ ራሱ ልኮት ኖሮ ሳምንት ሳይሞላ የሁሉም ወጣት ስልክ ላይ ገባ። ልጅቱ ዓረብ አገር ሄደች አሉ። እናቷ ጫቷን መሸጥ ቀጠለች፤ ስንገዛት ቀና ብላ አታየንም።

እኔ ቤት ደግሞ የእህቴ ልጅ ሰዓዳ ነበረች። ጨፋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ በየቀኑ ኬላውን ማለፍ አለባት። ታጭታለች፤ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ጥብቅ ናቸው። ስልኳ ውስጥ የጓደኛዋ የሂና ቀን የተነሳችው አለ፤ ፀጉሯ ወገቧ ላይ ወርዶ፣ ሴቶቹ መሀል እየጨፈረች። ያ ፎቶ ቢወጣ ሠርጉ የለም፤ ሰዓዳም ከተማው ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም። ፈርታ ሁሉንም አጠፋችው። በማግስቱ ኬላው ላይ «ስልክሽ ለምን ባዶ ሆነ? ምን አጥፍተሽ ነው?» ብለው ፀሐይ ላይ አቆሟት።  ስልኩ ባዶ እንዳይሆን ፎቶውን ጓደኛዋ መልሳ ላከችላት። ከዚያ ማለፉ ጭንቅ ሆነ፤ ባዶም ያስጠረጥራል፣ ሙሉም ያስፈራል።

«ለኔ ትተሽው ሂጂ» አለቻት ሐዋ። «ስልክ ስጠብቅ የኖርኩ ነኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ሰዓዳ ጠዋት ስልኳን ሐዋ ቤት ጥላ ትሄዳለች፣ ማታ ስትመለስ ትወስዳለች። አንዷ ያየችውን ሌላዋ ሰማች። የሰንበቴ ገበያ የሚወርዱት፣ ባቲ የሚሻገሩት ሴቶች ሁሉ ማምጣት ጀመሩ። ሐዋ ዘንቢል አዘጋጀች። እንዳይቀላቀል እኔ ከመኪናዬ ሥር ቁራጭ ጨርቅ ሰጠኋት፤ እያንዳንዱ ስልክ በየራሱ ጨርቅ ተጠቀለለ። አረንጓዴው የእገሊት፣ ሸንተረሩ የእገሊት፣ አበባው የሰዓዳ። ስም የሚባል ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ዘንቢሉ ይጮሃል፤ መንዙማ ይላል፣ ዶሮ ይላል፣ ሕፃን ይስቃል። ሐዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሽንብራዋን ትለቅማለች። «እንደ ድሮው ሆነ እኮ» ትለኛለች። «መስመሩ ሁሉ እኔ ቤት።»

ያላሰብነው ይህንን ነበር። ኬላው ላይ የሚቆሙት ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የከሚሴ ሴት ስልክ የላትም። ባለስልክ የነበረች ሴት በሙሉ ባዶ እጇን ታልፋለች። ያልተፈተሸው ነገር ሁሉ አንድ ቤት ተሰብስቧል ማለት ነው። ከማሸሽ ብዛት ሰብስበን ሰጠናቸው።

የሰንበቴ ገበያ ቀን፣ ዘንቢሉ ጢም ባለበት ቀን መጡ። ኃላፊው ራሳቸው፣ ጀማልና ሌሎች ሁለት። እኔ በረንዳው ላይ እየሰፋሁ ነበር። ቤቶች ያለ የለም። ጫማቸውን እንዳደረጉ ሰጋጃው ላይ አለፉ። ሐዋ የለቀመችውን ሽንብራ እንደያዘች ቀና ብላ አየቻቸው፤ «ሴኒ» አላለችም።

«ይህ ምንድን ነው እናቴ?»

«ስልክ ነው።»

«ይህን ሁሉ ስልክ ምን ያደርጉበታል?»

«እጠብቃለሁ።»

ይህን እያሉ ከዘንቢሉ ውስጥ አንዱ ጮኸ። መንዙማ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ ድቤ ያለው። ጀማል ቀጥ አለ። የእናቱ ስልክ ነበር። ሐዋን አያት፤ ሐዋ ሽንብራዋን አየች። መንዙማው እስከ መጨረሻው ተሰማ። ጀማልም የማን እንደሆነ አልተናገረም። ዘንቢሉን አንስቶ ወጣ፤ እሷም ነጠላዋን ለብሳ ተከተለች።

ለወንድሟ ደወልኩ፤ አያ ይማም ገበያውን ጥሎ መጣ። ምሳ ይዘን ጸጥታ ቢሮው ስንደርስ ዘንቢሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሰዓዳ የአበባ ጨርቅ ከላይ ይታየኛል። የሐዋ የራሷ ስልክ ለብቻው ጎኑ ተቀምጧል።

«ለእርስዎም ለከተማውም ደህንነት ነው» ይላሉ ኃላፊው፣ በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው። «የማን የማን እንደሆነ ይንገሩንና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«የባለቤቶቹ ነው።»

«እነማን ናቸው ባለቤቶቹ?»

«ሲመጡ ይጠይቋቸው።»

«እንግዲያው ነገ ስልክ የሚከፍት ባለሙያ ከሌላ ከተማ ይመጣል። አንድ በአንድ ከፍቶ ያሳየናል።» የሐዋን ስልክ በጣታቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። «ወይም ደግሞ የራስዎን ይክፈቱልን። እርስዎ ንጹሕ ከሆኑ ዘንቢሉም ንጹሕ ነው። ሳንነካው እንመልሳለን።»

አያ ይማም ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። «ክፈቺላቸው እንጂ እታለም! ምን ሆነሻል? ያንቺ ስልክ ውስጥ ዱዓና የኔ ጩኸት እንጂ ምን አለ? ለዚህ ብለሽ እስር ቤት ልታድሪ ነው?»

ሐዋ ዘንቢሉን አየች። እኔ ከላይ ያለውን ጨርቅ ነበር የማየው፤ እሷም እሱን ያየች መሰለኝ። የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ፣ አለቀ፤ እሷ እንደተቀመጠች ናት።

«ሳትነኩት?» አለች።

«ሳንነካው።»

«ለዚህች ልጅ ይሰጣታል?» በአገጯ እኔን አመለከተች።

«ይሰጣታል።»

«አላህ ይመስክር ይበሉ።»

አሉ።

ስልኳን አንስታ ቁጥሩን ነካች፤ ተከፈተ። በእጃቸው አልሰጠቻቸውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዞረች። የሰው ስልክ ሲጮህ እንደምታደርገው።

ኃላፊው ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጉ አዩ። አንድ ነገር ነኩ መሰለኝ ድምፅ ወጣ። የወንድ ድምፅ ነው፤ ያረጀ፣ ሻከር ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። «ሐዋ፣ ረፍቴ?» አለ። ተኛሽ ወይ ማለት ነው። ኃላፊው ቶሎ ቀነሱት። ሌላ አልሰማንም።

የሐዋ ባል የሞተው እንዲህ ዓይነት ስልክ ሳይመጣ ነው።

ጀማል በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን ያያል። አያ ይማም ወጣ፤ በመስኮቱ ሳይ ግቢው መሀል ቆሟል፣ ክንዱ ላይ የከብት ዱላው አለ። ኃላፊው ሥራቸውን ጨረሱ። «አመሰግናለሁ እናቴ፣ ምንም የለም» አሉ። ዘንቢሉን ሰጡኝ። ጨርቆቹ አልተፈቱም ነበር። ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ማታ ሴቶቹ እየመጡ ስልካቸውን ወሰዱ። አንዳንዷ መረቀቻት፣ አንዳንዷ «አንቺ ነሽ ያስያዝሽብን» አለች። ሰዓዳ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል «ተነሽ፣ ነገ ሥራ አለብሽ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ሐዋ በሯን መዝጋት ተወች። ቀንም ሌሊትም ወለል እንዳለ ነው። ሰው ሰላም ሳይል ይገባል፤ ቀና አትልም። የጎረቤት ፍየል ገብታ ሽንብራ ስትበላ ደርሼ አባርሬያለሁ፤ እሷ እያየች ነበር።

«እትዬ፣ ለምን አትዘጊውም?» አልኳት።

«ምኑን?» አለችኝ።

ሰው አጠገቧ ስልክ ሲያወራም ፊቷን አታዞርም። እንደተቀመጠች ትቀመጣለች። ስልኳ መደርደሪያው ላይ ከቁርኣኗ ጎን ተቀመጠ፤ ባትሪው አልቆ ሞተ፣ አልሞላችውም። ያ ሻካራ ድምፅ የማን እንደነበረ አልጠየቅኋትም። ደውሎ ያጣት ሰው የት እንዳለም አላውቅም።

ኬላው አንድ ቀን ተነሳ። ለምን እንደቆመ የነገረን እንደሌለ ሁሉ ለምን እንደተነሳም የነገረን የለም። ኃላፊው ተዛወሩ። ሰዓዳ ተዳረች፤ ደሴ ትኖራለች፣ ጁምዓ ጁምዓ ትደውልልኛለች። አያ ይማም ከዚያ ቀን ወዲህ የእህቱን ቤት አልረገጠም። አረፋ ሲደርስ በግ በሰው ይልካል።

ሐዋን ስኳር ነው የገደላት፤ ጠዋት ውኃ ልትቀዳላት የገባች ጎረቤት አገኘቻት። ሰው በብዛት ወጣ። ወንዶቹ ለቀብር ሲወጡ ሴቶቹ ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን፤ ቤቱ እንደ ልማዱ ክፍት ነው፣ ስልኩም ከመደርደሪያው ላይ ይታየናል። ዘምዘም የምትባል ጎረቤታችን፣ ያን ጊዜ ሸንተረሩ ጨርቅ የእሷ የነበረው፣ ቻርጀር ከቦርሳዋ አወጣች።

«ሞልተን ብናየውስ? ሟች አትቀየም» አለች። «ቁጥሩንም ጀማል ሳያይ አይቀርም።»

«ተይው ዘምዘም» አልኳት።

«አንቺማ እዚያው ነበርሽ። ምን ነበር ውስጡ?»

«አላየሁም።»

አንዷ ሐራም ነው አለች፤ ሌላዋ «ለማወቅ ያህል» አለች። ዘምዘም ተነስታ ወደ በሩ መሄድ ስትጀምር አያ ይማም ከመቃብሩ ደረሰ። አርጅቷል። ጫማው ላይ የመቃብሩ አፈር አለ። ዘምዘምን አልፎ ደፉ ላይ ደረሰና ቆመ።

«አሰላሙ ዓለይኩም! ቤቶች!» አለ።

«ኧረ ማንም የለም አያ ይማም፣ ይግቡ» አለችው ዘምዘም።

ዞሮ አላያትም። ትንሽ ቆየና ደገመው።  ሦስተኛውን ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ከዚያ ጆሮውን ወደ ቤቱ ዘንበል አድርጎ ጠበቀ።

በሩን ሳበው። ሳይዘጋ ስለኖረ መሬቱ ያዘው፤ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ አገጣጠመው። ከፊት ለፊቱ ሱቅ ቁልፍ ገዝቶ መጣና ቆለፈበት። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ለእኛ «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ መናኸሪያ ወረደ፤ የሰንበቴን መኪና ተሳፍሮ ሄደ።